ከአሮጌው ጀምሮ

«እኛ ከስድስት ወር በላይ የማንንም ቀረጻ አናስቀምጥም፣ እናቴ። ውሉ ላይ ተጽፏል» አለ የስቱዲዮው ባለቤት ቢተው። ሄርሞን ከመስታወቱ ግድግዳ ኋላ ሆና ይህን ስትሰማ እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ውሸት ነው። ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ሊፍቱ ከተበላሸ የከረመ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ይህ የቪዲዮ ስቱዲዮ ሠርግ፣ ምርቃትና ክርስትና ሲቀዳ የኖረ ቤት ነው፤ መስኮት በሌላት የኋላ ክፍል ውስጥ እንደ አሮጌ ፍሪጅ የሚያጓራ ሰርቨር ቆሟል፤ እዚያ ውስጥ ዛሬ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ሰዎች ሠርግ ሳይቀር ተቀምጧል። ሰርቨሩን የምትጠብቀው ሄርሞን ናት። ያለውንም የሌለውንም የሚፈልግ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ቢተው ግን ዛሬ ሊጠይቃት አልተነሳም፤ ገንዘብ የማያመጣ ጥያቄ ሲሆን መልሱን ከወንበሩ ሳይነሳ ነው የሚያውቀው።

እንግዳ መቀበያው ሶፋ ጫፍ ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ስማቸው ወይዘሮ ትርሓስ ነው። አንድ ልጃቸው ኢዩኤል፣ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦለት ሳለ፣ የዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን አዳማ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ፤ እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። የቀለበቱን ዕለት የቀዳው ይህ ስቱዲዮ ነበር። ከሠርጉ ጋር አንድ ላይ ተቀናብሮ ይሰጣችኋል ተብሎ ስለነበር ከሞቱ በኋላ ማንም መጥቶ አልጠየቀም፤ ማን ልብ ኖሮት ይጠይቃል? አሁን ግን እናት መጥተው ይለምናሉ። «እኔ ምስሉን አልልም፣ ፎቶውስ ቤት ሞልቷል። ድምፁን ነው። ስልኩም አብሮት ነው የደቀቀው። በዘመድ ስልክ የተቀዳው ሁሉ እልልታና ሙዚቃ ነው፤ እሱ ሲናገር የሚሰማው እናንተ ደረቱ ላይ የሰካችሁለት ማይክ ላይ ብቻ ነው። የአባቱን ጉልበት ስሞ ሲነሳ ደግሞ በጆሮው አንድ ነገር ነግሮታል። ምን እንዳለው አባቱ እስከ ዛሬ አይነግረኝም፤ ስጠይቀው ወደ ግቢ ይወጣል። ማይኩ ሰምቶት ይሆናል ብዬ ነው።» ቢተው «እግዜር ያጽናዎት» አለና ወደ ስልኩ አቀረቀረ። እሳቸውም አልተከራከሩም። እግዜር ይስጥልኝ ብለው፣ እንደ ባለ ዕዳ ተሽቆጥቁጠው ወጡ።

ሄርሞን ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው። ለምን እንደሮጠች እሷም አታውቅም፤ ምናልባት ያ «እግዜር ይስጥልኝ» ነው ያሮጣት። «እናቴ፣ ስልክዎንና ቤትዎን ይንገሩኝ፣ እኔ ፈልጌ ዛሬውኑ ቤትዎ እመጣለሁ» አለቻቸው። ወይዘሮ ትርሓስ የደረጃውን ብረት ጨብጠው ቆሙ። «አለ እንዴ፣ ጓለይ?» አሉ፤ ከልባቸው ሲናገሩ የአክሱሙ ልሳናቸው ይቀድማቸዋል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሄርሞን «ካለ አገኘዋለሁ» አለች፤ አባባሏ ግን «አለ» የሚል ነበር። እሳቸውም የሰሙት እንደዚያ ነው። እጇን ይዘው መዳፏን ሳሙት፣ ሁለት ጊዜ። ከእናቷ በስተቀር እጇን ስሟት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቤታቸው ላምበረት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው ቡናማ በር መሆኑን ነግረዋት፣ ደረጃውን እየቆጠሩ ወረዱ።

ክፍሏ ገብታ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ስክሪኑ ላይ ከፈተች። ስቱዲዮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፋይል የሚፈልገው ሥዕል እያየ፣ በማውስ እየጠቆመ ነው፤ እሷ ግን ኤል እና ኤስ የሚባሉ ሁለት ፊደላት ትጽፍና ኢንተር ትመታለች፣ ሰርቨሩም የያዘውን ሁሉ በመስመር በመስመር ያወርድላታል። ትእዛዙ ባዶውን ሲጻፍ ስም ብቻ በስም ቅደም ተከተል ይደረድራል። ከጎኑ ሰረዝ ተደርጎ አንዲት ፊደል ስትጨመርለት ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ አንዷ በጊዜ ታስደረድረዋለች፣ አንዷ በመጠን፣ አንዷ ተራውን ገልብጣ ፊተኛውን ኋለኛ ታደርጋለች፣ ሌላዋ ክብደቱን ሰው በሚገባው ልክ ጊጋ እያለች ታስጽፈዋለች። ሄርሞን እነዚህን ፊደላት ቋጥራ «እየው» የምትል አንዲት ቃል ውስጥ ከታቸዋለች። «እየው» ስትል በጊዜ ተደርድሮ፣ ከአሮጌው ጀምሮ፣ ከነክብደቱ፣ ፎልደሩ በሰማያዊ ቪዲዮው በሐምራዊ ሆኖ ይወርዳል። ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፋይሎችንም የምታሳይ ፊደል አለች፤ እሷን ግን ሆን ብላ አላስገባቻትም፣ ቆሻሻ ይበዛል ብላ። ይህቺ ቃል ኩራቷ ነበረች። የሌላዋ ሴት ልጅ ኩራት ቦርሳዋ ነው፣ የእሷ ይቺው ናት።

ቀለበቱ የታሰረው አምና ጥር ነው፤ ሰርቨሩ በፈረንጅ ስለሚቆጥር ጃንዋሪ 2025 ላይ መገኘት አለበት። ሄርሞን ወረደች፣ ወረደች፣ ጃንዋሪ ላይ ደረሰች። የጥምቀት ሰሞን ሙሽሮች ሁሉ አሉ፤ የሲኤምሲዋ ባለ ነጭ ፈረስ እንኳ አለች። የላምበረቱ የለም። ምናልባት ዘግይቶ ተገልብጦ ይሆናል ብላ ፌብሩዋሪን አየች፣ ማርችን አየች። በመጠን አስደረደረችው፤ የአንድ ሙሉ ቀን ቀለበት ከባድ ነው፣ ከላይ መምጣት ነበረበት። አልመጣም። ገልብጣ አየችው። ፋይሎቹ ካሜራው በሰጣቸው ቁጥር ነው የሚጠሩት፣ የሰው ስም የላቸውም፤ ስለዚህ በስም መፈለግ ከንቱ ነው። ሻዩዋ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠራ። የቀዳውን ሰው ልትጠይቅ ተነሳች።

ዋቅቶላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ሌንስ እየጠረገ ነበር። ካሜራማን ነው፤ ለሙሽራ ቀልድ ነግሮ የሚያስቅ፣ የራሱን ግን ቁም ነገር ሁሉ የሚረሳ ሰው። የላምበረቱን ቀለበት ማን ቀዳው ስትለው ወዲያው አስታወሰ። «እኔ ነኛ! ልጁ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። ሞተ አሉኝ እኮ፣ አንጀቴን ነው የበላው።»

«በየትኛው ካሜራ ነበር?»

«በዚቹ። ያኔ ገና መግዛቴ ነበር። ያገለገለች ስለሆነች የሰዓቷ ባትሪ ሞቶ ነበር፣ ስከፍታት ቀን ሙላ አለችኝ።»

«ምን ብለህ ሞላህ?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነዋ። ዓመት ጠየቀችኝ፣ የኛን ዓመት ነገርኳት። ወሩንም ከመስከረም ቆጥሬ አምስት አልኳት፣ ጥር አይደል? በኋላ አንዱ ስቆብኝ አስተካከልኩት። ምነው፣ ፊትሽ?»

ሄርሞን መልስ ሳትሰጠው ተመለሰች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ስክሪኑን ሳታይ አየችው። በገና ሰሞን፣ የጥር ሠርግ ሊጀምር ሲል፣ ሰርቨሩ ሞልቶ ቢተው «አሮጌ አሮጌውን ጥረጊልኝ፤ በፈረንጅ ከ2018 በፊት ያለ ማንም አይጠይቀንም» ብሏት ነበር። እሷም «እየው» አለች። ከአሮጌው ጀምሮ ወረደ። ሜይ 2017 ላይ ጥቂት ወፋፍራም ቪዲዮዎች ነበሩ፤ ትዝ ይሏታል፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥራት እንቀዳ ነበር እንዴ ብላ ተገርማለች። ተገርማ አጠፋቻቸው። በፈረንጅ የስምንት ዓመት አሮጌ የመሰላት የአንድ ዓመት እንኳ ያልሞላው የኢዩኤል ቀለበት ነበር፤ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ እንደማለት ነው። በማግስቱ ቢተው ሰው ሁሉ ፊት አሞገሳት፣ ኬክም አስመጣ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። የባሏንማ ቢሆን ምን ነበረበት፣ የሰው ልጅ ድምፅ አጠበች እንጂ። የጠፋን ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም እንዳለ ታውቃለች፤ ግን በዚያው ቦታ ላይ ያለፈው ጥር ሙሽሮች ሁሉ ተጽፈውበታል። የተቀባ ግድግዳ ላይ የድሮውን ቀለም እንደመፈለግ ነው። እንዲያም ሆኖ ሞከረችው። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ፕሮግራሙም ምንም አላገኘሁም አላት።

ያኔ ነው ያቺን የተወቻትን ፊደል ያስታወሰችው። ከትእዛዙ ጎን «ኤ» የምትባለዋን ፊደል ጨመረችና ድብቆቹን ሁሉ አስወረደቻቸው፤ የቆሻሻ መዓት መጣ። ከመሀሉ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር ነበረ፤ ቪዲዮ ማያ ፕሮግራሙ ለራሱ መለያ እንዲሆነው ከየቀረጻው እየቀነጠበ ቴምብር የምታክል ምስል የሚያስቀምጥበት። ቪዲዮዎቹን ስታጠፋ ይህን ማጥፋት አልታያትም ነበር። አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ድንኳን፣ የአበባ ቅስት፣ የሽማግሌዎች ረድፍ፣ እጆች። ከዚያ አንድ ወጣት፣ ከአባቱ ጉልበት ቀና ሲል፣ አፉ ወደ አባቱ ጆሮ ተጠግቶ። አፉ ተከፍቷል። እየተናገረ ነው። ሄርሞን ድምፅ የሌለው መሆኑን እያወቀች ስፒከሩን ነካችው፣ ከዚያም ራሷን ታዝባ አለቀሰች።

ቢተው ሁሉንም ከሰማ በኋላ በረጅሙ ተነፈሰ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ለመሆንም ጊዜ የለውም። «እኔ ውል ላይ አለ ብዬ ሸኝቻቸዋለሁ። አንቺ ዝም ካልሽ ማን ያውቃል? ለሰውየውም ለሴትዮዋም የሚሻለው አልተገኘም ማለት ነው። አጥፍተነዋል ብለሽ ብትነግሪያቸው ሁለተኛ መግደል ነው» አላት። ነገሩ እውነት ይመስል ነበር፤ ሰው ለራሱ የሚመቸውን ሲናገር ብዙ ጊዜ እውነት ይመስላል። ሄርሞን «እየጠበቁኝ ነው፣ ጋሽ ቢተው» አለች። «ከሄድሽ የስቱዲዮውን ስም ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ነገ ፌስቡክ ላይ ብንወጣ እዚህ እንዳላይሽ» አለ። ምስሉን በትልቁ ለማተም ሞከረች፤ በትልቁ ሲሆን የልጁ ፊት ካሬ ካሬ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ በጉርድ ፎቶ ልክ አተመችው፣ ፖስታ ውስጥ ከተተችውና ወጣች። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ትላለች እናቷ። እኚያ ሴት እስከ ነገ በተስፋ እንዲያድሩ ማድረግ ከሁሉ የባሰ መሰላት።

ታክሲው ውስጥ መገናኛ እስኪደርሱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲወራ ሰማች። ከመገናኛ ላምበረት ደግሞ ሰልፉ ተጠማዞ እስከ ድልድዩ ደርሷል፤ ከፊቷ የቆመች ሴትዮ ወደ ደሴ የሚሄድ ዘመድ ልትሸኝ መሆኑን፣ ዘመድዬውም የረባ ሰው አለመሆኑን ሳትጠየቅ ነገረቻት። ሄርሞን አዎ አዎ ትላለች። በልቧ ግን የምትለውን ታሰናዳለች፤ «አልተገኘም» ብላ ትጀምርና፣ «አጠፋሁት» ብላ ትጀምርና፣ ሁለቱንም ሳትጨርስ ትተዋለች። መናኸሪያው ጋ ስትደርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ ዱቄት ለብሶ ይጮኻል፣ ቡናማው በር ገርበብ ብሏል።

ወይዘሮ ትርሓስ በሩ ላይ ነበሩ። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ግቢው ውስጥ ለእሑድ የመጡ የዕድር ወንበሮች ተቆልለዋል፣ የሽንኩርት ጆንያ ግድግዳውን ተደግፏል። ሳሎኑ ውስጥ ባላቸው አቶ ዓለምሰገድ፣ ከመሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ረጅም ሰው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሬድዮ ያዳምጣሉ፤ ሬድዮው ድምፁ እጅግ ከመቀነሱ የተነሳ የሚሰማ ነገር ያለው አይመስልም። ሄርሞንን ግን ያሳመማት ሌላ ነው። ቴሌቪዥኑ ዓመት ሙሉ ለብሶት የኖረው ጥልፍ ጨርቅ ተነስቶ፣ ታጥፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ መስታወቱ ተወልውሏል፤ ከፊቱም ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተደርጓል። «በምንድን ነው የሚከፈተው፣ በፍላሽ ነው አይደል? ጎረቤት ልጅ ጠይቄ ቀዳዳው ከኋላው ነው አለኝ» አሉ ወይዘሮ ትርሓስ። ከዚያ ደንገጥ ብለው «ውይ፣ ሳላስቀምጥሽ! መጀመሪያ ሻይ ጠጪ፣ ደክሞሻል። የጾም ነው፣ ዳቦውም የጾም ነው» አሏት። ባልና ሚስቱ በዚህ ሁሉ መሀል እርስ በእርስ አልተነጋገሩም። ስኳሩ እንኳ ከአንዱ ወደ አንዱ ያለፈው በዝምታ ነው። ሄርሞን ዳቦውን ቆረሰች።

«እናቴ» አለች፣ ዳቦውን አስቀምጣ። «ቪዲዮው የለም። ስድስት ወር ያሏችሁ ውሸት ነው፣ ነበረ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሮጌውን አጥፊ ተብዬ ሳጠፋ፣ የካሜራው ቀን በኛ ዓመት ተሞልቶ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ቆጥሮ ከአሮጌዎቹ መሀል አሰለፈው። እኔም አላየሁትም። ላድነው ሞክሬ ነበር፣ አልተቻለም።»

ወፍጮው አሁንም ይጮኻል። ወይዘሮ ትርሓስ ነገሩን ሁሉ እንዳልተከተሉት ያስታውቅ ነበር፤ የለም የምትለዋን ቃል ግን ሰምተዋል። ተነስተው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱ፣ ጥልፉን ጨርቅ አነሱ፣ ከማልበሳቸው በፊት ግን ቆም አሉ። «ሳታውቂ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ሄርሞን «ማወቅ ነበረብኝ» አለች። እንዲቆጧት ትፈልግ ነበር፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር። እሳቸው ግን ጨርቁን እንደያዙ ተመልሰው ተቀመጡ። ያኔ ሄርሞን ፖስታውን አወጣችና ጉርድ ፎቶውን ሁለቱ ወንበሮች አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይቺ ብቻ ናት የተረፈችው። ድምፅ የላትም።»

ወይዘሮ ትርሓስ ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። ጣታቸውን ወደ ልጁ አፍ ወሰዱና እንዳይነካካ ብለው መለሱት። «እያወራ ነው» አሉ። «እያት፣ አፉ ክፍት ነው። እየነገረው ነው።» ከዚያ ቀስ ብለው፣ ዓመት ሙሉ መልስ ያላገኙበትን ጥያቄ እንደ ልማድ፣ መልስም ሳይጠብቁ ባላቸውን ጠየቁ። «ምን አለህ?»

አቶ ዓለምሰገድ ወደ ግቢ ይወጣሉ ብላ ሄርሞን ጠበቀች፤ እግራቸውም ወደዚያ አለ። ግን ሬድዮውን ዘግተው መጡና ከሚስታቸው ጎን ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፎቶውን ተቀብለው አዩት፣ ብዙ አዩት። «ከነገርኩሽ ያልቅብኛል ብዬ ነው» አሉ። ድምፃቸው ከሬድዮው አይበልጥም። «ሌላ የቀረኝ ነገር የለም፤ እሱን ለብቻዬ ይዤው ነበር። ቪዲዮው ሲወጣ ከራሱ አፍ ትሰሚዋለሽ እል ነበር።»

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ትርሓስ።

«ዓይኔ እንባ አቅርሮ አይቶኝ ነው። 'አባዬ፣ እንዳታለቅስ፣ ቪዲዮ እየቀዱ ነው' አለኝ።»

ሄርሞን እኚህ ሰው በልጃቸው ቀብር ላይ እንኳ እንባ እንዳልወጣቸው፣ ዘመድም ልበ ደረቅ ብሎ እንዳማቸው አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ያዩት እናት ግን ያውቃሉ፣ እሳቸውም ከታዛቢዎቹ አንዷ ነበሩ። አሁን ባላቸውን ዘወር ብለው አዩአቸው። አቶ ዓለምሰገድ አገጫቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው ይታገላሉ። ወይዘሮ ትርሓስ ጥልፉን ጨርቅ መሬት ጥለው ያን ትልቅ ራስ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ትከሻቸው ሳቡት።

«ዓለሜ፣ አልቅስ በቃ» አሉ። «አሁን የሚቀዳን የለም።»